ዮዜ በአጥር ላይ የነገረን የንብ አገር

የልጅ ልጄ ሰብለ አውሮፓ ልትሄድ ነው። እንግሊዝ ወይም ጀርመን ብትል ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ «እሰይ» ብሎ ያልፍ ነበር፤ እሷ ግን የምትሄድበትን አገር ስትናገር ሰው ሁሉ «እንዴት አልሽው?» እያለ ደጋግሞ አስጠራት። ስሎቬንያ። ግብርና መሥሪያ ቤት የንብ ባለሙያ ናትና ለሥልጠና ነው የላኳት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ጠይቃ፣ «ትንሽ አገር ናት» ከሚል በቀር የሚነግራት ስታጣ፣ ሻንጣዋን እየሸከፈች አጠገቤ ቁጭ አለችና «እማማ፣ ማንም የማያውቀው አገር ልሄድ ነው እኮ» አለችኝ። ሳቄ መጣ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«አገሩን ነዋ! ንቡ በሣጥን የሚኖርበት፣ የሣጥኑ ፊት ሥዕል የተሣለበት። ወንዙ መሬት ውስጥ ገብቶ የሚጠፋበት። ፈረሱ ጥቁር ተወልዶ ሲያድግ ነጭ የሚሆንበት።»

ሰብለ መዳፏን ግንባሬ ላይ አደረገች። ትኩሳት መስሏታል።

አውቀዋለሁ ስል ሄጄ አይቻለሁ ማለቴ አይደለም። እኔ ዓባይን የተሻገርኩት ለጠበልና ለዓይን ሕክምና ብቻ ነው። ያን አገር የማውቀው ከጓሮ አጥር ወዲህ ቆሜ በሰማሁት ነው። ፊደል የቆጠርኩትም ራሴ ከሸበተ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ ይህን ስጽፍ መንገድ ብስት፣ ወደ ገበያው ጎራ ብል፣ ታገሡኝ። ሰብለ «እንግዲያው ለጎብኚ የሚሆን መግለጫ ጻፊልኝ» ብላ ቀልዳብኛለች። እኔ ግን የምሬን ተቀብያታለሁ።

ዘመኑ የጣሊያን ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የማስታውሰው በልብስና በገበያ ነው። አገር ከመያዙ በፊት አቡጀዲ እንደ ልብ ነበር። ቀጥሎ ጠፋና ሰው ሁሉ ጥጡን አውጥቶ እንደገና ይፈትል ጀመር። ቀጥሎ ደግሞ የጣሊያን ሱቅ ተከፈተና አበባ አበባ ያለበት ጨርቅ፣ ባለ መስተዋት ማበጠሪያ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ መጣ። ዓሣውን የገዛ ሰው ግን አላየሁም፤ ባዶ ቆርቆሮውን ከጦር ሰፈሩ ደጃፍ ለቅመው መለኪያ ያደረጉት ሴቶች ነበሩ። ገበያ ላይ የጣሊያን ሊሬ ቢዘረጉልን አንቀበልም። «ይህን ወረቀት አይጥ ቢበላው ማን ዘንድ ይከሰሳል?» ይሉ ነበር ባለ ማሮቹ። ማርትሬዛ ብር ያለው ሰው ጌታ ነው፤ የሌለው በአሞሌ ጨው ይገበያያል። አንድ ማድጋ ማር በአንድ ማርትሬዛ ይሄድ ነበር ስላት ሰብለ «በአንድ ብር!» ብላ ጮኸች። ያቺ ብር እኮ ነፍስ ነበራት ልጄ፤ ድንጋይ ላይ ስትጥያት ትዘምራለች። ዛሬ ባጃጅ ተሰልፎ የሚጮህበት ጥግ ያኔ የበቅሎ ማሰሪያ ነበር። ከዚያ ከፍ ብሎ የጣሊያን ምሽግ፣ ከምሽጉ በታች ነጭ ጠጠር የለበሰው መንገድ፣ መንገዱ ላይ አቧራውን እያስነሳ የሚያልፈው የጭነት መኪና፣ ካሚዮን። የእኛ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ነፋሱ ሲመች የምሽጉ መለከት ይሰማናል።

የእኛ ቤት የምለው የአማቴን የአባ ቢተውን ቤት ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጃቸው አያሌው ነው ያገባኝ፤ ከመርጡለ ማርያም አምጥቶ። በሰርጋችን ሳምንት የንብ መንጋ መጣና ደጃችን ካለው ዋንዛ ላይ ተንጠለጠለ። አያሌው ሙሽራ ነኝ ሳይል የሰርግ ኩታውን አውልቆ ወጣ፤ ቀፎ በወይራ ጭስ አጥኖ፣ ውስጡን በሰም ለቅልቆ፣ ቅርንጫፉን እየነቀነቀ አስገባው። አማቴ «ምራቴ ንብ አስከትላ መጣች!» ብለው ደስታቸው ወሰን አጣ። በእኛ ዘንድ ንብ ወደ ቤት ሲገባ ረድኤት ገባ ይባላል፤ ጥሎ ሲሄድ ደግሞ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል። ያ ቀፎ የአያሌው ቀፎ ተባለና ከሌሎቹ ቀፎዎች ጋር ከጓሮው አጥር ሥር ተቀመጠ። ብዙም አልቆየን፣ አያሌው ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባ። ሲሄድ ያለኝ «ቀፎዬን ጉንዳን እንዳይነካው ለአባባ ንገሪ» ብቻ ነው። ለሚስቱ ሌላ የሚናገረው አጥቶ! እኔም «እሺ» አልኩ። ያኔ ሙሽሪት ብዙ አትናገርም፤ በአማት ፊትማ ዓይኗንም ቀና አታደርግም።

ዮዜ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከምሽጉ ባሕር ዛፍ ሊቆርጡ ከሚወጡት ጋር በቅሎ የሚጭን ወታደር ነበር። ጢሙ የበቆሎ ፀጉር፣ መዳፉ የገበሬ መዳፍ። ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ ቀፎዎቹን ያያል። አማቴ ዱላቸውን እንደ ጦር ቀስረው ወጡ።

«ምን ፈለግህ?»

«ንብ ማየት» አለ። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ አጭር አጭር።

«ንብ አይታይም። ይናደፋል።»

«አውቃለሁ። አባቴ ቤት፣ ብዙ ንብ።»

«ጣሊያን ንብም ያውቃል እንዴ? የሰው አገር መቀማት ብቻ የሚያውቅ መስሎኝ!»

«ጣሊያን አይደለሁም።»

«ታዲያ ይህ ልብስ የማን ነው? የአክስትህ?»

ሰውየው ልብሱን ዝቅ ብሎ አየ። «ልብስ የጣሊያን። ሥጋ የእኔ» አለ።

አማቴ ሳይስቁ ቀሩ፣ ግን ዱላው ትንሽ ዝቅ አለ። ንብ የበቅሎ ላብ እንደማይወድ የሚያውቁ ናቸውና «እንዲህ ገምተህ ብትቀርባቸው ዓይንህን ነው የሚያወጡት» አሉት። ሰውየው ወደ ወንዙ ወረደ። ከቆይታ በኋላ ገላውን ታጥቦ፣ ሸሚዙን አጥቦ እርጥቡን ለብሶ ተመለሰ። ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ እጁን በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ቀፎው አፍ ሲዘረጋ ንቦቹ ጣቱ ላይ እየወጡ ወረዱ፤ አንዷም አልነደፈችው። አማቴ ይህን አይተው ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ እንደ ሌላው ሰው ምርቃት ነው።

ስሙን ሲጠይቁት «ወረቀት ላይ ጁሴፔ። እናቴ ዘንድ ዮዜ» አለ። ዮሴፍ ማለት ነው። አገሩን ጣሊያን ከያዘው ወዲህ ስማቸውን ሁሉ ወደ ጣሊያን ስም ለውጠውባቸዋል። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት በእናቱ ቋንቋ ቢናገር መምህሩ በአርጩሜ ይገርፈው እንደነበር በእጁ አሳየን። አማቴ «እንግዲህ አንተም እንደኛ ተገዝተህ ነው ልትገዛን የመጣኸው?» አሉት። ዮዜ መሬት መሬት እያየ «አዎ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆኑ ልላችሁ አልችልም። አማቴ እስከ መጨረሻው አንድም ቀን ከአጥር አላስገቡትም። ግን ታጥቦ በመጣ ቁጥር አጥሩ ድረስ ይወጡለታል፤ እኔም ጓሮ ጎመን የምቀጥፍ መስዬ እቆማለሁ። ስንት ጎመን እንደቀጠፍኩ! አማቴ «በዚህ ቤት ፍየል አለች እንዴ?» እስኪሉ ድረስ።

እንግዲህ ሰብለ፣ መግለጫሽ ይኸው። አገሩ ትንሽ ነው፤ ማለዳ በበቅሎ ጉዞ የጀመረ ሰው ብዙም ሳያድር ዳር ይደርሳል። ሦስት ራስ ያለው ተራራ አለ፤ አናቱ በበረዶ ነጭ ነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ «ሥላሴ ነው በለኛ!» ብለው አማተቡ። ባሕር አላቸው፣ ግን መቀነት የምታህል ቁራጭ ናት፤ ጨው ያወጡባታል። መሬቱ ከሥሩ ቦረቦር ነው፤ ወንዝ ሲሄድ ሲሄድ ዋሻ ይገባና ይሰወራል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ሌላ ስም ይዞ ይወጣል። አማቴ «ሽፍታ ነው እንጂ ምን ወንዝ ነው!» አሉ። በየመንደሩ መካከል ሊፓ የሚሉት ዛፍ አለ፤ ሽማግሌ ከሥሩ ተቀምጦ ይዳኛል፣ ጎረምሳና ኮረዳ በዓል ሲሆን ይጨፍሩበታል፤ የእኛ ዋርካ ማለት ነው። ጎመኑን በበርሜል ጨው ነስንሰው አኮምጥጠው ክረምቱን ይበሉታል፤ አትጸየፊ። ከጥቁር እህል የተሠራ ገንፎ ያቀርቡልሻል፤ ቅቤውን ይቆጥባሉ እንጂ ገንፎ ገንፎ ነው። ብርዱ ከጮቄ ተራራ ብርድ ይብሳልና ጋቢሽን እንዳትረሺ። ጥቁር ተወልዶ ነጭ የሚሆነውን ፈረስ እኔ አላመንኩም፤ አይተሽ ንገሪኝ።

ንባቸውን ግን አምኛለሁ። በሜዳው ላይ እንደ ቁም ሣጥን የመሰለ የንብ ቤት ይሠራሉ፤ ሣጥኖቹ በመደዳ ይደረደራሉ፤ የእያንዳንዱ ፊት በቀለም ይሣላል። ንቧ ከሜዳ ስትመለስ ቤቷን በሥዕሉ ለይታ ትገባለች አለ ዮዜ። «ምን ምን ይሣላል?» አሉት አማቴ። ቅዱሳን ይሣላሉ፤ አዳኝ ይሣላል፤ አባቱ ቤት ካለው አንዱ ላይ ደግሞ ሰይጣን የሴት ምላስ በመሳያ ድንጋይ ሲስል ይታያል። አማቴ እስኪያነቡ ሳቁ። ወደ ጎመኑ ዞር ብለው «ሰማሽ አንቺ? ባሕር ማዶም ታውቃችኋል!» አሉኝ። ዓይኔን ሳላነሳ «የወንድ ምላስ እኮ ያለ ድንጋይም ስል ነው» አልኩ። ከአማቴ ጋር የተጫወትኩት የመጀመሪያ ቀልድ እሱ ነው። ደንግጠው አዩኝ፣ ደግሞም ሳቁ።

ጎረቤት አልወደደውም። «የቢተው ቤት ከፈረንጅ ጋር ንብ ይቆጥራል» ይባላል፤ ባንዳ የሚለው ቃል ጥርስ ውስጥ ይንገዋለላል። አማቴ «ልጄ ዱር ነው፤ ማን ነው እኔን ባንዳ የሚል?» ሲሉ አንድ በአንድ እየተበተኑ ይሄዳሉ።

ታዲያ የዚያ ዓመት የአደይና የሜጭ አበባ አልፎ ማር ሲቆረጥ አማቴ የአያሌውን ቀፎ ቆረጡ። በማግስቱ ማለዳ ከቀፎው አፍ ሥር አንድ ረጅም፣ ወገበ ቀጭን፣ ክንፉ ያጠረ ንብ ሞቶ አገኙ። አውራው ነው። በመዳፋቸው ይዘውት ቆሙ፤ ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም፣ ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ደርሳ ነበር። ቀፎው ውስጥ ያለው ድምፅ ተለወጠ። ንብ ደህና ሲሆን ያጉረመርማል፤ ይህ ግን የሙሾ ድምፅ ነበር። ንቦቹ አፉ ላይ ወጥተው የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ወዲህ ወዲያ ይላሉ። በእኛ አገር ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፤ አውራ የንብ ንጉሥ ነው፤ ንጉሡ ከሞተ ንቡ ይበተናል።

እኔ ያላወቅኩት ሌላ ነገር ነበር። ከሳምንት በፊት ከጉንደ ወይን ገበያ የመጣ ነጋዴ ለአማቴ በጆሯቸው «ጎፈሬው ትልቅ፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት አርበኛ ወድቆ አየሁ» ብሏቸው ኖሯል። አያሌው ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው። አማቴ ወሬውን ውጠው ይዘውት ነበር። አውራው ሲሞት ግን ሁለቱ ገጠሙባቸው። ጠላ ጥመቂ አሉኝ፤ ጠመቅኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ የባለቤታቸው ተዝካር መስሎኛል። ጠላው ሲደርስ ጠሩኝ።

«እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የአያሌውን ኩታና ጎራዴ አውጪ።»

«ለምን?»

«ልቅሶ እንቀመጣለን። ንቡ ነገረኝ።»

የባሌን የልቅሶ ጠላ በገዛ እጄ እንደጠመቅኩ ያኔ ገባኝ። ልቅሶ ተቀመጥን ማለት ፀጉሬ ይላጫል፤ ወደ መርጡለ ማርያም ወደ አባቴ ቤት እመለሳለሁ፤ ዓመት ሲሞላ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ያ ሁሉ አልታየኝም። የታየኝ አያሌው ከዱር ሲመጣና ቤቱ ውስጥ ማንም ሳይጠብቀው ነው። ሕይወቴን ሙሉ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ቀና ብዬ አማቴን ዓይናቸውን አየኋቸው።

«አባባ» አልኩ፣ «ባሌን በንብ አይቅበሩብኝ።»

አማቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እኔስ ልጄን መቅበር እወዳለሁ?» አሉ።

በዚያው ሳምንት ዮዜ ታጥቦ መጣ። ከአጥሩ ሲደርስ የቀፎውን ድምፅ ሰምቶ ቆመ፤ ጆሮውን አዘነበለ። እስከዚያ ቀን በቀጥታ አንዲት ቃል ተናግሬው አላውቅም።

«ዮሴፍ» አልኩት፣ «በእናንተ አገር ንብ ሰው መሞቱን ይናገራል?»

ገርሞት አየኝ። «አይ። በእኛ አገር ባለቤት ሲሞት አንድ ሰው ይሄዳል፣ ቀፎ ያንኳኳል፣ ‹ጌታችሁ ሞተ› ይላል። ሰው ለንብ ይናገራል። ንብ ለሰው አይናገርም። ንብ ምን ያውቃል? ሥራ አለው።»

አማቴ ከኋላዬ መጥተው ኖሯል። «አውራው ሞቷል» አሉት።

«አያለሁ?»

አማቴ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ ቀፎው አዩ። ከዚያ ቀፎውን ራሳቸው ተሸክመው አጥሩ ላይ አስደገፉለት። ዮዜ የኋላ ክዳኑን ቀስ ብሎ ከፈተ፤ ጭስ እንኳ አልጠየቀም። እየዘመረ ነው የሚሠራው፤ በአፍንጫው፣ እንደ ንቡ። ከማር እንጀራው ጠርዝ ላይ እንደ ጣት ጫፍ ቁልቁል የተንጠለጠለች የሰም ቋጠሮ አሳየን።

«ይኸው። ልጅ አለች እዚህ ውስጥ። አዲስ እናት።»

«የምን እናት? አውራ ወንድ ነው» አሉ አማቴ።

«ሴት ናት። እንቁላል የምትጥል እሷ ናት። ይህ ሁሉ ልጇ ነው።»

«ንጉሡ እንቁላል ይጥላል ልትለኝ ነው?»

«ንጉሥ የለም አባ ቢተው። እናት ናት። እናት ስትሞት ከተራ ትል አንዷን ይመርጣሉ፣ ጥሩ ያበሏታል፣ ሌላ እናት ይሠራሉ።»

«እናቱን የሚሠራ ልጅ!» አማቴ ወደ ሰማይ አዩ። «ይህን ለማን ይነግሩታል? ቄስ ዘንድ ብናገረው ይገዝቱኛል።»

«ጠብቅ» አለ ዮዜ። «ጨረቃ እስክትሞላ ጠብቅ፣ ከዚያም ትንሽ። አትንካው። ከሞተ ያኔ ልቅሶ።»

አማቴ ቀፎውን ወደ ቦታው መልሰው አጠገቡ ተቀመጡ። በመጨረሻ «ንቡ ይፍረድ» አሉ። «ከኖረ ልቅሶ የለም። ከተበተነ ግን አንቺም ቃል አትመልሺ።» እሺ አልኩ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን የሐዘን አጣፍተው መጡ። አማቴ ጠላውን ቀዱላቸው። ጠጡ፤ ደግመው ጠጡ። አንዱ «ለመሆኑ ቢተው፣ ይህ ጠላ የምንድን ነው?» ቢሏቸው «የጤና!» አሉ። «ባይሆን እናንተ ጤና ናችሁ፤ ጠጡ!» ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ነጠላቸውን ወደ ደህናው አዞሩ፣ ጠላውን ጨረሱት። መንደሩ ግን አልተኛም። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ «ባሏ ሞቶባት ንብ ትጠብቃለች» ይላሉ እኔ እየሰማሁ። ምን እመልሳለሁ? እውነት ነው፣ ንብ እጠብቃለሁ።

ጨረቃ ተወለደች፣ ሞላች፣ ጎደለች። ዮዜ አልመጣም፤ አርበኞች ቀርበዋል ተብሎ ከምሽጉ ማንም እንዳይወጣ ተከልክሏል። ሙሾው ቆሟል፣ ግን ዝምታው ከሙሾው የባሰ ነው። ንቡ እየሳሳ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ቀፎው ፊት እቀመጣለሁ፤ አማቴም ከወዲያ ማዶ በጉቶ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ ገና ሳሩን ስታደርቅ አንዲት ንብ እየከበዳት መጣችና አፉ ላይ አረፈች። ሁለት እግሮቿ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ጠቅልላ ተሸክማለች። ሌላ መጣች፤ እሷም። ሌላ።

«አባባ!» ብዬ ጮኽኩ። አማት እንዲህ አይጠራም፣ ግን ጮኽኩ።

አማቴ ተንበርክከው አዩ። ንብ ያን ዱቄት የሚሸከመው ለሕፃናቱ ነው፤ ይህን ማንም ሳይነግራቸው የሚያውቁት ነገር ነው። «ለሌለ ልጅ ምግብ የሚሸከም የለም» አሉ። ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «ልቅሶ ቀርቷል። የአያሌውን ኩታ እጠቢና ፀሐይ ላይ አስጪ፤ ሲመጣ የሚለብሰው ይፈልጋል።»

ኩታውን አጥቤ መንደሩ ሁሉ በሚያየው አጥር ላይ አሰጣሁት። እንደ ሰንደቅ ይውለበለብ ነበር። አማቴም በሰንበት ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ ንጉሡ ባሕር ማዶ ከሄዱ አገር አበቃላት የሚሉትን ሽማግሌዎች «እናንተ ሰዎች! ንብ እንኳ አውራ ቢሞትበት ከተራው ልጅ ሌላ ያወጣል፤ እኛ ከንብ እናንሳለን?» ይሏቸው ጀመር። ሽማግሌዎቹ «ዝም በል ቢተው፣ ሰሚ አለ» ይላሉ። እሳቸው ግን ዝም ማለት ትተዋል።

ከዚያ አንድ ጠዋት የምሽጉ መለከት ሳይነፋ ቀረ። ካሚዮኑ፣ በቅሎው፣ እግረኛው በነጩ መንገድ ላይ ወደ ዓባይ ተሰለፈ። ጣሊያን መሄዱ ነው። ሰው ሁሉ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ያያል። ዮዜ ሁለት በቅሎ እየጎተተ በእኛ በኩል ሲያልፍ ወደ ቀፎዎቹ ዞሮ ባርኔጣውን አወለቀ። አማቴ ማር የሞላ ቅል አንጠልጥለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ አጥሩን ዘለው ሮጡ።

«ያዝ! ለመንገድህ ነው። ጣሊያኖቹን እንዳታበላ!»

ዮዜ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለ። «አባ ቢተው፣ አሁን አንተ ነፃ። እኔ ገና» አለ።

«ይደርስሃል» አሉት አማቴ። «ይደርስሃል ልጄ።» ልጄ ሲሉት ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ወደ ቤቱ ይድረስ አይድረስ አላወቅንም። ባለፈው ሳምንት ሰብለ የአገሩን ባንዲራ ሥዕል አሳየችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ፤ ላይኛው ጥጉ ላይ ተራራ አለ፣ ሦስት ራስ ያለው። ካርታውንም አወጣችልኝ፤ ያኔ ስሟ በካርታ ያልነበረች አገር ዛሬ እንደ ዶሮ ክንፏን ሰብስባ ተቀምጣለች። ቋንቋቸው የሚነገርበት ትምህርት ቤት አላቸው አለችኝ፤ ማንም አይገርፋቸውም። ደርሶታል። ለእሱ ባይደርሰው ለልጆቹ ደርሷቸዋል። ብቻዬን እልል አልኩ፤ የሰፈሩ ሰው ምን ተገኘ ብሎ መጣ። ሰብለ፣ ስትደርሺ በሩ ላይ ሥዕል ያለበት የንብ ቤት ካየሽ ጎንበስ ብለሽ እለፊ፤ ባለዕዳ ሆነን ሳይሆን ዘመድ ሆነን።

አያሌው የመጣው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ከተማው ሰንደቅ ለብሷል፤ ጥይቱ፣ ቀረርቶው፣ እልልታው ከእኛ ድረስ ይሰማል። አርበኞች በየመንገዱ ይገባሉ፤ እኔ ከእያንዳንዱ ጎፈሬ ሥር ጠባሳ እፈልጋለሁ። ሴቶቹ ግጥም ግጠሚ ሲሉኝ

ሰው ሁሉ ሞተ ብሎ ሊያለቅስ ሲሰናዳ፣
ንብ ነገረችኝ መጥታ ከሜጭ አበባ ሜዳ

አልኩላቸው፤ ወንዝ ላይ ያሙኝ የነበሩትም ተቀበሉኝ። ሽማግሌዎቹ ደጃችን ተቀምጠው ነበር፤ ያን ቀን አማቴን «ጠላው የምን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ድንገት ከጓሮ በኩል ጩኸት ሰማን። አያሌው በዋናው በር መግባት ትቶ በጓሮ ዞሮ ኖሯል፤ ቀፎውን ሊያይ። ያን ሁሉ ዘመን ያልተቆረጠ፣ እንደ ጎጆ ክዳን የተከመረ፣ በባሩድና በላብ የጠነባ ጎፈሬውን ይዞ ንቡ ፊት ሲያጎነብስ፣ ንቦቹ ጎፈሬው ውስጥ ገቡ። የጣሊያንን መትረየስ ያልሸሸው ጀግና ጠመንጃውን ጥሎ፣ ራሱን በሁለት እጁ እየመታ፣ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ ደግሞ ዞሮ፣ በሽማግሌዎቹ መሐል ዘሎ አለፈ። አማቴ መጀመሪያ ጉንጩን አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ እየሳቁ አለቀሱ፤ በዱላቸው ወደ እሱ እያመለከቱ

«እዩት! እዩትማ! የሞተ ሰው እንዲህ አይሮጥም!» አሉ።

እኔም ነጠላዬን ራሱ ላይ ጣልኩና፣ አማቴ እያዩ፣ ሽማግሌዎቹ እያዩ፣ መንደሩ ሁሉ እያየ፣ ከነንቡ አቀፍኩት።